የታፈነው ወንፊት

እ.ኤ.አ. ከ2007 ሞዴል ወዲህ የተሠሩትና በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች የሚመላለሱት፣ ከወገኖቻችንም ብዙዎች የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙባቸው የናፍጣ ትራኮች፣ ጭሳቸውን ወደ አየር ከመልቀቃቸው አስቀድሞ ጥቀርሻውን የሚያስቀር የሸክላ ወንፊት በጭስ መውጫቸው ላይ ተሸክመዋል። ወንፊቱ የተደፈነ እንደ ሆነ ሞተሩ ጉልበቱ ይደክማል፣ ናፍጣ ያበዛል፣ የዳሽቦርዱም መብራት ይበራል፤ ዳሩ ግን መብራቱን ብቻ አይቶ ወንፊቱን መኰነን የችኩል መካኒክ ፍርድ ነው። ልባሙ በወንፊቱ ፊትና ኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት ይመረምራል፤ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ንባቡ ከዜሮ ርቆ ከተገኘ፣ ጥርጣሬው ከወንፊቱ ወደ ግፊት ለኪው ሴንሰር ይዞራል፤ ሴንሰሩን ከወንፊቱ የሚያገናኙትን ቀጫጭን ቱቦዎችም ነቅሎ ውኃ ወይም ጥቀርሻ ቋጥረው እንደ ሆነ ያያል። ወንፊቱ በእርግጥ ተደፍኖ ከተገኘ ደግሞ፣ ጥቀርሻው በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይነድዳል፤ ከሞተር ዘይት የሚመጣው አመድ ግን እሳት አይበግረውምና ወንፊቱ ተፈትቶ ካልጸዳ አይለቅም። ታጥቦ በጥቂት ሳምንት ዳግመኛ ቢሞላስ? ያን ጊዜ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ይፈለጋል።