ስለ ማክሰኝት ጠላና ስለ ፋብሪካ ቢራ፤ የእርሾና የቅዝቃዜ ነገር

ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በገበያ ቀን ከየመንደሩ የመጣው ሰው ሸመታውን ሲጨርስ የሚያርፈው በእንጨት ጫፍ ጣሳ ከተደፋበት ቤት፣ ማለት ከጠላ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የዳሽን ቢራ ፋብሪካ በጎንደር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ወጣቱ ወደ ጠርሙሱ አዘንብሏል። ጠላ ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች አክስቴም አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ተምረሃል፤ ጠላዬን እንደ ቢራ የጠራ ማድረግ አይቻልም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

በመጀመሪያ የሁለቱን መጠጦች ልዩነት እንመልከት። የፋብሪካው ቢራ ላገር ይባላል፤ ቃሉ በጀርመንኛ ማከማቸት ከሚለው የመጣ ነው። የላገር እርሾ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ሥራውን ሲፈጽምም ወደ ታች ይዘቅጣል። ከዚያ በኋላ ቢራው ወደ በረዶነት በተጠጋ ቅዝቃዜ ለሳምንታት ተከማችቶ ይጠራል። እርሾውም ድቅል ነው፤ ከወላጆቹ አንደኛው በደቡብ አሜሪካ በፓታጎንያ ደን መገኘቱ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2011 ነበር። በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ሃንሰን ይህን መሰል እርሾ ከሌላው ለይቶ በንጹሕ ያራባው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው።

የጠላ እርሾ ግን ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ በራሱ ይመጣል። ከውስጡ ዋነኛው ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲዬ የሚባለው ነው፤ ይኸውም ዳቦ የሚያስነሣውና ኤል የሚባለውን የእንግሊዝ ቢራ የሚያፈላው ዓይነት ነው። ይህ እርሾ ሙቀት ይወዳል። ሙቀቱ ሲበዛ ይፈጥናል፤ ሲፈጥንም እንደ ፍራፍሬ የሚሸቱና ራስ የሚያስከብዱ ቅመሞችን አብዝቶ ያወጣል። ቅዝቃዜው ሲበረታ ደግሞ ይተኛል። ከእርሱም ጋር ጠላውን የሚያመጥጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ጌሾ መራራ ጣዕም ይሰጣል፤ ከእነዚህም ሕዋሳት አንዳንዶቹን ይገታል። በፋብሪካ ይህን ሥራ የሚሠራው ሆፕ ነው።

የአጠማመቁ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾና ጥቂት ብቅል በውሃ ተዘፍዝፎ ጥንስስ ይሆናል። ቂጣ ተጋግሮ ይቈራረስበታል፤ በውሃ ታሽቶ በምጣድ የታመሰው ዱቄት፣ ማለት እንኩሮው፣ ከቀረው ብቅል ጋር ይጨመርበታል፤ ይህ ድፍድፍ ነው። እሳቱ የእህሉን ስታርች ያላላዋል፤ ብቅሉም ወደ ስኳር ይለውጠዋል። በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ አፉ ይመረጋል።

እኛም በበጋው ወራት ሞከርን። በመጀመሪያው ጊዜ ጥንስሱን ከጅምሩ በረጠበ ጆንያ ጠቅልለን በጓዳ አኖርነው። ውሃ በሚተንንበት ጊዜ ከእንስራው ሙቀት ይወስዳልና። ነገር ግን ጥንስሱ ዝም አለ፤ በላዩ ነጭ ሻጋታ ጣለ፤ ተደፋም። አክስቴ የባከነውን ጌሾና ብቅል እያሰበች ምንም አልተናገረችም። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ እርሾው ሳይራባ ስላቀዘቀዝነው ሌላው ሕዋስ ቀድሞ ሠለጠነ።

በሁለተኛው ጊዜ ጥንስሱን እንደ ልማዱ በሙቀት ተውነው። ድፍድፉ በደንብ ሲፈላ ለሁለት እንስራ ከፈልነው፤ አንዱን ከምድጃው አጠገብ፣ ሁለተኛውን በጓዳ በረጠበ ጆንያ አስቀመጥን። የምድጃው ፈጥኖ ደረሰ፤ ነገር ግን ጐምዛዛ ነበር። የጓዳው ብዙ ቀን ቈየ፤ አተላው ከታች ረግቶ ጠላው ጠራ፤ ጣዕሙም ለሰለሰ። ይሁን እንጂ የጢሱ፣ የእንኩሮውና የጌሾው ጣዕም ስላለበት ቢራ አልሆነም። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ቀምሰው፣ «ይህ የሠርግ ጠላ ነው» አሉ።

መታገሥም ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቤጌምድር በቅማንት ዘንድ ኮረፌ የሚባለው መጠጥ ከተቈላ ገብስና ከጌሾ ተዘጋጅቶ ሁለት ሦስት ወር በእንስራ ይቀመጣል፤ በተፈለገ ጊዜ ጥቂት ተቀንሶ ውሃ ይጨመርበትና በማግሥቱ ይጠጣል። የማከማቸትን ጥቅም እናቶቻችን ያወቁት ማቀዝቀዣ ሳይኖራቸው ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ በሙቀት አስጀምሮ፣ ፍላቱ ሲበረታ ማቀዝቀዝ፤ ሳይረጋ አለመቅዳት፤ ዕቃውን በንጽሕና መያዝ። በክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ጆንያው ብዙ አያቀዘቅዝም።

ለአክስቴ የነገርኋት መልስ፣ «እትዬ፣ ቢራ አይሆንም፤ የተሻለ ጠላ ግን ይሆናል» የሚል ነበር። እርሷም፣ «ቢራማ የሚሸጥበት ቤት ሞልቷል» ብላ ሁለተኛ ጆንያ ልትገዛ ወደ ገበያ ወጣች።