ወይ ፍንክች! ግትርነት ነው ወይስ ጽናት?

በቤታችሁ «ያልኩትን አልኩ፣ ወይ ፍንክች!» የሚል ሰው አለ? እንግሊዝኛ እንዲህ ላለው ሰው «አዳማንት» የሚል ቅጽል አለው። ልጆቻችን ብዙ ጊዜ «ግትር» ብለው ይተረጉሙታል። ለመሆኑ ትክክል ናቸውን?

ቃሉ የመጣው «አዳማስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙ «የማይሸነፍ» ማለት ነው። በጥንት ዘመን እጅግ ጠንካራ የሆነ ድንጋይ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። አልማዝ በእንግሊዝኛ «ዳይመንድ» የተባለውም ከዚሁ ሥር ነው። ዛሬ ቃሉ በአቋሙ ለማይናወጥ ሰው ይነገራል። ለእኛ «ግትር» ይበልጥ የሚቀርበው «ስታበርን» የተባለው ቃል ነው፤ ነቀፋ አለበትና። «አዳማንት» ግን ሰውዬው እንደማይናወጥ ይናገራል እንጂ ልክ ነው ወይም ተሳስቷል ብሎ አይፈርድም።

ፍርዱ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልቀበልም አለ፤ መሬቱ ተለክቶ ርስቱን እንዳይነጠቅ ሰግቶ ነበር። መቀመጫቸውን ደብረ ማርቆስ ላደረጉት ገዥዎች ይህ እምቢተኝነት ነበር። ለገበሬው ግን ርስትን ማስከበር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ይህ ቃል ሁለት ቦታ ይገኛል። በሕዝቅኤል 3፥9 እግዚአብሔር የነቢዩን ግንባር እንደዚህ ድንጋይ ያጠነክረዋል፤ በእልከኛ ሕዝብ ፊት ሳይፈራ መልእክቱን እንዲናገር ነው። በዘካርያስ 7፥12 ደግሞ ሕዝቡ ቃሉን ላለመስማት ልባቸውን እንዲሁ ያጠነክራሉ። በዕብራይስጡም በሁለቱም ስፍራ ያለው ቃል አንድ ነው፤ «ሻሚር» ይባላል። ጥንካሬው አንድ ሆኖ ሳለ፣ በግንባር ሲሆን ድፍረት ሰጠ፣ በልብ ሲሆን ግን ጆሮን ዘጋ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። «ልጄ ትምህርቷን ሳትጨርስ አልድራትም» ብላ በዘመድ ፊት የምትቆም እናት አለች። ከልጁ ጋር ለዓመታት ተኳርፎ፣ ሽማግሌ ሲላክበት በሩን የሚዘጋ አባትም አለ። ሁለቱም «ወይ ፍንክች» ይላሉ። እናቲቱ የዘመዶቿን ምክንያት ሰምታ፣ ስለ ልጇ ስትል ጸናች። አባትየው ግን ገና ምንም አልሰማም።

እንግዲህ እኅቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ባልሽን ወይም ልጅህን «ግትር» ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የያዘው ነገር ምንድን ነው? ለማንስ ይጠቅማል? ራሳችሁንም ጠይቁ፤ አልነቃነቅም ያልኩት የሌላውን ቃል እስከ መጨረሻው ሰምቼ ነውን? መልሱ «አይደለም» ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ቁጭ ብሎ መስማት ይቻላል።

ጌታ ግንባራችንን ያጽናልን፤ ልባችንን ግን ያለስልስልን።