መብራቱ በራ፤ ማጀቱስ?

የፀሐይ ኃይልና ሌሎች ታዳሽ የኃይል ምንጮች በቤታችን

አገራችን በፀሐይ ብርሃን የታደለች መሆኗ ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ሐቅ ነው። ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ራሷን ለጎብኚዎች ያስተዋወቀችውም «የ13 ወር ጸጋ» በሚል መጠሪያ ነበር። ለመሆኑ ይህ ጸጋ በቁጥር ሲለካ ምን ያህል ነው? ከጣሪያችን ላይ ተቀብለን በቤታችን ውስጥ ለየትኛው ሥራ ልናውለው እንችላለን? ለየትኛው ሥራስ ሌላ ምንጭ መፈለግ ይኖርብናል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ እንሞክራለን።

ጥያቄዎቹን የምናነሣው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ከገጠር የመጡ አንባብያን እንደሚያስታውሱት፣ በኩራዝ ጭላንጭል ሲያጠና ያመሸ ተማሪ ጧት የሚነሣው አፍንጫው ጥላሸት ተሞልቶ ነው። እናቱ ደግሞ ማጀት ውስጥ በጭስ ታፍና ትውላለች። ዛሬ በብዙ የገጠር ቤቶች ጣሪያ ላይ አነስተኛ የፀሐይ ፓኔል ይታያል። ኩራዙ ከቤት ወጥቷል፤ ልጁም በአምፖል ያጠናል። የማጀቱ ጭስ ግን አልወጣም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። እንግዲህ የልጁ ችግር ሲፈታ የእናቲቱ ለምን ቀረ? መልሱን በቀላል ሒሳብ ልናገኘው እንችላለን።

ጸጋው በቁጥር

ከምድር ከባቢ አየር ውጭ፣ ከፀሐይ ፊት ለፊት በተዘረጋ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ጨረር 1361 ዋት ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ከባቢ አየር ስለሚውጠውና ስለሚመልሰው፣ ሰማዩ በጠራበት ቀን በቀትር ምድር ላይ የሚደርሰው ወደ 1000 ዋት ይጠጋል። የጧቱንና የማታውን ድካም፣ የክረምቱንም ደመና አስበን አማካዩን ስንወስድ፣ በአገራችን አንድ ካሬ ሜትር በቀን የሚያገኘው 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህም ማለት ፀሐይ በሙሉ የቀትር ጉልበቷ በቀን ለ5 ሰዓት ያህል ብቻ እንደምታበራ አድርገን ልናስብ እንችላለን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መለኪያዎችን መለየት ያስፈልጋል። ዋት ኃይል በምን ፍጥነት እንደሚፈስ ይለካል፤ ዋት ሰዓት ደግሞ በጠቅላላው ምን ያህል እንደፈሰሰ ይለካል። የመጀመሪያው የቧንቧውን አወራረድ፣ ሁለተኛው በባልዲው የተጠራቀመውን ውኃ ይመስላል።

ብርሃን እንዴት ኤሌክትሪክ ይሆናል?

ብርሃን የኤሌክትሪክ ጅረት ሊያስገኝ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋለው ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤኬሬል ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1839 ነበር። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ብርሃን ፎቶን በሚባሉ የኃይል ቅንጣቶች መልክ ኤሌክትሮኖችን እንደሚያላቅቅ አስረዳ። ለቤት አገልግሎት የምንጠቀምበት የሲሊከን የፀሐይ ሴል ግን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካው የቤል ላቦራቶሪ ነው። ያ ሴል ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ነበር። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙ ፓኔሎች ግን 20 በመቶና ከዚያም በላይ ይለውጣሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሲሊከኑ አንድ ወገን ጥቂት ፎስፎረስ ስለሚጨመርበት ትርፍ ኤሌክትሮኖች ይኖሩታል። ሌላው ወገን ቦሮን ስለሚጨመርበት የኤሌክትሮን ጉድለት ይኖረዋል። ሁለቱ በሚገናኙበት ድንበር ላይ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። በቂ ኃይል ያለው ፎቶን አንድ ኤሌክትሮን ሲያላቅቅ፣ ይህ መስክ ኤሌክትሮኑን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። ሁለቱን ወገኖች በሽቦ ስናገናኝ ጅረት ይፈስሳል። የሚሽከረከር አካል የለም፤ ጭስም ሆነ ድምፅ የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነጥብ አለ። ፓኔል የሚፈልገው ብርሃንን እንጂ ሙቀትን አይደለም። እንዲያውም ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሲሊከን ፓኔል ጉልበት በ0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ፀሐይዋ ደማቅ፣ አየሩ ግን ቀዝቃዛ የሆነው ደጋችን ለፓኔል የሚስማማ ነው።

የአንድ ቤት ሒሳብ

አሁን ወደ አንድ ቤት እንግባ። ቤተሰቡ ባለ 5 ዋት አራት አምፖሎችን በማታ ለ4 ሰዓት ያበራል እንበል፤ ይህ 80 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 5 ዋት ሬዲዮ ለ5 ሰዓት ሲከፈት 25፣ ሁለት የእጅ ስልኮች ሲሞሉ 30፣ ባለ 20 ዋት አነስተኛ ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት ሲታይ 60 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። ድምሩ በቀን 195 ዋት ሰዓት ይሆናል።

በሽቦ፣ በባትሪና በአቧራ የሚባክነውን አስበን ከፓኔሉ ምርት 65 በመቶው ብቻ ለአገልግሎት ይደርሳል ብንል፣ 195ን በ5 ሰዓትና በ0.65 ስናካፍል 60 ዋት ይመጣል። ፀሐይዋ በክረምት ወደ 4 ሰዓት ብትወርድ ደግሞ 75 ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ባለ 80 ዋት ፓኔል ለዚህ ቤት ይበቃዋል። ስፋቱም ከግማሽ ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ብርሃኑንም እናነጻጽር፦ የኩራዝ ብርሃን 10 ሉመን ያህል ሲሆን፣ የአንዱ ባለ 5 ዋት የኤልኢዲ አምፖል ግን 500 ሉመን ያህል ነው።

ፓኔሉን ለሚሰቅል ሰው ሁለት ምክሮች አሉን። የመጀመሪያው፣ አገራችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ስለምትገኝ ፓኔሉ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ወደ ደቡብ ቢያይ ይመረጣል፤ ማዘንበሉ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበውም ይረዳል። ሁለተኛው፣ ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ብዙ ምርት ታሳጣለች።

«ሶላሩ ሞተ»

በአንድ የመስክ ጉዞ ላይ ያረፍንበት ቤት ጣሪያው ላይ ፓኔል ነበረው፤ ውስጡ ግን የሚበራው ኩራዝ ነበር። ምክንያቱን ስንጠይቅ አባወራው «ሶላሩ ከሞተ ከረመ» አሉን። ጣሪያው ላይ ወጥተን ፓኔሉን በመለኪያ ስንፈትሽ በፀሐይ ፊት 20 ቮልት አሳየን፤ ፓኔሉ ሕያው ነበር። የሞተው ባትሪው ነበር። የተሸጠላቸው የመኪና ባትሪ ሲሆን፣ ያለ መቆጣጠሪያ በየማታው እስኪያልቅ ይጠቀሙበት ነበር።

የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍተኛ ጅረት ይሰጥና ወዲያው ይሞላል። ሳህኖቹ ስስ ስለሆኑ በየቀኑ ባዶ መሆንን አይችሉም። ለፀሐይ ኃይል ተብሎ የተሠራ የእርሳስና የአሲድ ባትሪም ቢሆን ከያዘው ከግማሽ በላይ ባይወሰድበት ዕድሜው ይረዝማል። ከላይ ላሰላነው ቤት የሁለት ቀን ስንቅ እንያዝ ብንል 390 ዋት ሰዓት ይሆናል። ግማሹ ብቻ ስለሚወሰድ 780 ዋት ሰዓት መያዝ አለበት፤ ለ12 ቮልት ባትሪ ይህ 65 አምፔር ሰዓት ነው። በዚህ ዘመን የተስፋፉት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪዎች ከያዙት 80 በመቶ ያህሉን መስጠት ይችላሉ፤ ዕድሜያቸውም ረጅም ነው፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው። የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ ከመጠን በላይ እንዳይሞላና እንዳይራቆት የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ የግድ ያስፈልጋል።

ምጣዱ ሲመጣ

እስካሁን ያሰላነው ስለ ልጁ ነበር፤ አሁን ወደ እናቲቱ እንምጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይወስዳል። ለሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7000 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህን ለ195 ስናካፍለው 36 ገደማ ይመጣል። አንድ ጊዜ እንጀራ ለመጋገር የሚፈጀው ኃይል ቤቱ ለመብራት፣ ለሬዲዮ፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን በ36 ቀናት የሚጠቀምበትን ያህል ነው ማለት ነው! በጣሪያው ላይ ያለው ፓኔል ማጀቱን ሳይነካ የቀረበት ምክንያት ይህ ነው።

ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር የደረሰው ቤት ይህን ሸክም ለመስመሩ መተው ይችላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የተተከለለት አቅም 5150 ሜጋዋት ነው፤ ይህም ኃይል ታዳሽ ነው። መስመሩ ያልደረሰው ቤት ግን ምን ያድርግ?

ለሙቀት ሥራ ሙቀት

ምግብ ማብሰልና ውኃ ማሞቅ የሚፈልጉት ሙቀትን ነው። ሙቀትን ለማግኘት ደግሞ በኤሌክትሪክ በኩል መዞር የግድ አይደለም። 100 ሊትር ውኃን በ30 ዲግሪ ለማሞቅ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሁለት ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ፓኔል በቀን ከዚህ ያነሰ፣ 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጠናል። ያው ስፋት ያለው፣ በመስተዋት የተከደነ ጥቁር የውኃ ማሞቂያ ግን ከሚያርፍበት ጨረር ግማሹን ወደ ውኃው ቢያስተላልፍ እንኳ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል።

ለምድጃው ደግሞ ባዮጋዝ አለ። የከብት እበትና ውኃ እኩል ተደባልቀው አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ሲብላሉ፣ ባክቴሪያዎች አብዛኛው ሚቴን የሆነ ጋዝ ያወጣሉ። አራት ያህል ከብቶች ካሉበት በረት የሚሰበሰብ 25 ኪሎ ግራም እበት በቀን አንድ ሜትር ኩብ የሚጠጋ ጋዝ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ጋዝ ሲነድ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይገኝበታል፤ ፓኔሉ ለቤቱ በቀን ከሚያቀርበው ሠላሳ እጥፍ መሆኑ ነው። የሚቀረው ዝቃጭም ማዳበሪያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 በተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም «ስንዱ» የተባለው ሞዴል ለገጠር ቤተሰቦች ሲሠራ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ባዮጋዝም ገደብ አለው። ውኃ ሩቅ በሆነበት መንደር በየቀኑ 25 ሊትር መጨመር ለሴቲቱ ሌላ ሸክም ነው። በብርድ አካባቢ ባክቴሪያዎቹ ይዘገያሉ። ተራው የጋዝ ምድጃ ለወጥና ለቡና ሲመች፣ ሰፊውን ምጣድ እኩል ማጋል ግን ይቸግረዋል። ስለዚህ ጋዝ ያለው ቤትም ለእንጀራ ወደ እንጨት ሲመለስ ይታያል። ለዚህ ደግሞ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ አለ። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ከሦስት ጉልቻ አንጻር የማገዶውን ፍጆታ ወደ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። እንጨትም ቢሆን ታዳሽ የሚባለው ከተቆረጠው ያላነሰ ሲተከል ብቻ መሆኑን አንዘንጋ።

ነፋስስ? የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ የነፋስ መዘውር የሚያዋጣው ነፋስ በማይጠፋበት ገላጣ ስፍራ እንጂ በዛፍና በቤት መካከል አይደለም።

ከጣሪያ እስከ ማጀት

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። «የትኛው የኃይል ምንጭ ይበልጣል?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ሥራው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ለብርሃን፣ ለሬዲዮና ለስልክ ትንሽ ፓኔልና ተስማሚ ባትሪ፤ ለመታጠቢያ ውኃ የፀሐይ ማሞቂያ፤ ከብትና ውኃ ላለው ቤት ባዮጋዝ፤ ለእንጀራ መስመሩ ካለ ኤሌክትሪክ፣ ከሌለም የተሻሻለ ምድጃ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንዱ ብቻውን ያልቻለውን ቤት ሁሉም ተባብረው ይይዙታል።

ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቻችሁ ስትመለሱ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ይህን ሒሳብ ለቤታችሁ ሥሩ። አምፖሎቹን ቁጠሩ፤ ባትሪው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከዚያም ማጀት ግቡና በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት እንደሚነድ፣ ማን እንደሚሸከመውም ጠይቁ። በኩራዝ ያጠናው ትውልድ አምፖሉን አግኝቷል፤ በዚያ ብርሃን የተማረው ደግሞ የማጀቱን ጭስ የማስወጣት ዕዳ አለበት።