የካሴት ጦርነት
ክፍል ሦስት፦ አራት ሰዓት ይቀዳል?

ባለፈው ሳምንት ሶኒን የተውነው ምስጢሩን በገዛ እጁ ሲገልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 መገባደጃ፣ ገና ገበያ ያልወጣውን የቪዲዮ መቅጃውን ቤታማክስን ለማትሱሺታና ለጄቪሲ አሳይቶ፣ ሁሉም በእሱ ዓይነት እንዲሠሩ ጠየቃቸው። አዩ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ። እሺም እንቢም አላሉም።

ጄቪሲ ለዝምታው ምክንያት ነበረው። ዮኮሃማ ባለው ፋብሪካው፣ ሺዙዎ ታካኖ የሚመሩት የቪዲዮ ክፍል የራሱን ዴክ ሲሠራ ዓመታት አልፈዋል። ክፍሉ የከሰረ፣ ከላይ በክፉ ዓይን የሚታይ ክፍል ነው። የክፍሉ መሐንዲሶች እነዩማ ሺራይሺ ግን ሥራ ሲጀምሩ ዴኩ ሊያሟላ የሚገባውን በዝርዝር ጽፈው ነበር፤ አንዱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት መቅዳት አለበት የሚል ነው። ፊልም እስኪያልቅ ማለት ነው።

ቤታማክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ የሚቀዳው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። ፊልሙ ልብ ሰቅሎ ካሴቱ ያልቃል። ይሄ እንደ እኔ ላለ የተከታታይ ታሪክ ጸሐፊ ካልሆነ ለማንም አይመችም።

ሁለቱን ካሴቶች፣ የሶኒን ቤታማክስና የጄቪሲን ቪኤችኤስ፣ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የቤታማክሱ 15.6 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ የቪኤችኤሱ 18.8። የውስጣቸው ክር ስፋት እኩል ነው፤ ግማሽ ኢንች። ግን ትልቁ ካሴት ብዙ ክር ይጠቀልላል፣ ክሩም ዝግ ብሎ ይሄዳል። ሁለቱ ሰዓት የመጣው ከዚያ ነው። ሶኒ ካሴቱ በእጅ ሲያዝ እንዲያምር አሳንሶታል፤ እውነትም ያምራል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1976 የመጀመሪያው የቪኤችኤስ ዴክ ለሽያጭ ቀረበ። የጄቪሲ ዋና ባለድርሻ ማትሱሺታም ከእሱ ጎን ቆመ። የጃፓን የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር አገሪቱ አንድ ዓይነት ካሴት ብቻ እንዲኖራት ቢፈልግም የሰማው የለም። ማን እንዳሸነፈማ ቡፌያችን ላይ አቧራ የጠጣው የሰርግ ካሴት ይናገራል። እኔን የሚያስገርመኝ አሸናፊው በራሱ ቤት ሊጣላ ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር ነው።

ጠቡ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 መጀመሪያ፣ ቴሌቪዥን በመሸጥ ስሙ የገነነው አርሲኤ ማትሱሺታ ዘንድ ቀረበ። በራሱ ስም የሚሸጠው ዴክ ፈልጓል፤ ሁለት ሰዓት ግን አልበቃውም። የአሜሪካ እግር ኳስ አንድ ጨዋታ ከእረፍቱና ከማስታወቂያው ጋር ሦስት ሰዓት ያልፋል። ጨዋታው ሳያልቅ የሚያልቅ ካሴት ማን ይገዛል? አርሲኤ አራት ሰዓት ይሁንልኝ አለ።

ነገሩ በወሬ ቀላል ነው፤ ክሩን በግማሽ ፍጥነት ማስኬድ። ክሩ ሲዘገይ ግን እያንዳንዱ ምስል የሚጻፍበት መስመር ይቀጥናል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። የጄቪሲ መሐንዲሶች ዓመታት የለፉት ለጥራት ነው።

ማትሱሺታ እነሱን ሳይጠይቅ ለአሜሪካኖቹ እሺ ብሏል። አራት ሰዓት የሚቀዳው ዴክ የትም የለም፤ ገና አልተሠራም። አሁን ደግሞ ወሬው ጄቪሲ ደረሰ።

(ሳምንት ይቀጥላል)