በአጥንታችን ውስጥ ያለው ብረት

ባለፈው ሰሞን የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ስናስተምር የዝገት ነገር ተነሣ። አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ አባቴ እግር ውስጥ ያለው ብረትም ይዝጋል?» አለን። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁ ግን አልሳቀም። አባቱ በሎድዋር መንገድ የጭነት መኪና ተገልብጦ ጭናቸው ተሰብሮ በብረት የተጠገኑ ናቸው። ማታ ማታ ሲያማቸው «ብረቱ ውስጤን እየበላኝ ነው» ይላሉ አሉ። እኛም መልሱን ስላላወቅነው «ነገ» ብለን አለፍነው። ያ ነገ ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

እንግዲህ አንብበንና የጤና ሠራተኞችን ጠይቀን ያገኘነው ይኸው። ሰውነት ውስጥ የሚገባው ብረት እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ስቴንለስ ስቲል ነው፣ ወይ ታይታኒየም የሚባለው ቀላልና ጠንካራ ብረት። ሁለቱም በላያቸው ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃሉ፤ ዝገትን የሚከለክለው እሱ ነው። ይልቅ የሚያስቸግረው መላላት ነው። አጥንት አንዳንዴ ባዕድ ነገር ሲገባበት በመሐል ለስላሳ ሥጋ እየሠራ ይርቀዋል። ያኔ ብረቱ ይነቃነቃል፤ የተነቃነቀ ብረት ደግሞ ያማል።

ችግሩ ጎልቶ የታየው ሰው ሠራሽ ዳሌ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዳሌውን የሚያጸናው ሲሚንቶ በሚመስል ነገር ነበር። ኋላ ግን ሐኪሞች «ለምን አጥንቱ ራሱ አይይዘውም?» አሉ። ለዚህ የተመረጠው ሃይድሮክሲአፓታይት ነው። (ቃሉን ሰሌዳ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፈን ሁለቴ ተሳስተናል።) ካልሲየምና ፎስፌት ያለበት ሴራሚክ ሲሆን፣ አጥንታችንንና ጥርሳችንን ከሚያጠነክረው ማዕድን ጋር በጣም ይመሳሰላል። ታዲያ ዳሌው በሙሉ ከሱ አይሠራም፤ እንደ ጀበና ይሰበራላ! ስለዚህ ብረቱ ሸክሙን ይችላል፣ ሽፋኑ ዝምድናውን ይፈጥራል። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፈርሎንግ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን የለበሰ ዳሌ ሰው ላይ ከተከሉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

አለባበሱ ያስገርማል። ዱቄቱ ከ10,000 ዲግሪ በላይ በጋለ ጋዝ ውስጥ ይነፋል፤ ቅንጣቶቹ እየቀለጡ ብረቱ ላይ ተለጥፈው ወዲያው ይደርቃሉ። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ50 እስከ 200 ማይክሮሜትር ነው፤ 1,000 ማይክሮሜትር አንድ ሚሊ ሜትር ነውና ከአንድ ሁለት ፀጉር አይበልጥም። ለምን አይወፍርም? ነጭ ቅብ ያላቸውን የቆርቆሮ ሳህኖቻችንን እዩ፤ ሲወድቁ ቅቡ ይላጣል። ይህም ከወፈረ እንዲሁ ይላቀቃል። በልኩ ከሆነ ግን አጥንቱ እንደ ራሱ ወገን ቆጥሮት በሳምንታት ውስጥ አዲስ አጥንት በላዩ ይሠራል።

ከቆዳ ውጭ የብረት ዘንግ ተደርጎላቸው ወራት ያሳለፉ ወገኖች በመካከላችን አሉ። ወደ አጥንት የሚገቡት ካስማዎች ከላሉ መግል ይከተላል። ይህን ሽፋን የለበሱ ካስማዎች አጥንቱን አጥብቀው ስለሚይዙ ሲነቀሉ እንኳ ያስቸግራሉ። ዋጋቸው ግን ወደድ ይላል። ደግሞ ሽፋኑ ጀርም አይገድልም፣ ይህን እንዳንሳሳት።

የልጁ አባት ብረትስ? የጭን ስብራት የሚይዘው ጠፍጣፋ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሽፋን የለውም። በብሎን ይታሰራል፤ ሥራው አጥንቱ እስኪገጥም መያዝ ነው። አጥንቱ ካልገጠመ ግን፣ ደጋግመን ያጠፍነው ሽቦ እንደሚበጠስ፣ ውሎ አድሮ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ የማታው ሕመም በራጅ መታየት አለበት። መግል፣ ትኩሳት ወይም እብጠት ካለማ ለነገ አይባልም። በምላጭ መክፈት ደግሞ ኧረ በፍጹም!

የቀዶ ሕክምና ወረቀታችሁንም ከራሽን ካርዳችሁ ጋር አኑሩት። ብሎኑን ለማውጣት ለዓይነቱ የተሠራ መፍቻ ያስፈልጋል፤ ዓይነቱ ካልታወቀ ሐኪሙ ይቸገራል። ኤም አር አይ ለመነሣት ስትገቡም ብረት እንዳለባችሁና ምን ዓይነት እንደሆነ ትጠየቃላችሁ።

ይህን ለልጁ በነገርነው ማግስት አባትየው እያነከሱ ትምህርት ቤት መጡ። ወረቀቱ በስደት መንገድ ጠፍቷል። ከፌስታል ውስጥ ግን የተጣጠፈ ራጅ አወጡ። ልጁ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ብሎኖቹን ቆጠረ፤ ስምንት ናቸው። ሰኞ ጠዋት ክሊኒክ አብረናቸው እንሄዳለን።