ስለ ሰርቨር አድራሻና ስለ መዝገቡ ዕድሜ

ባለፈው ክረምት የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ በተደረገ ጊዜ፣ አንዳንድ ወላጆች የልጆቻቸውን ስም ልከው ሳለ «ስማቸው የለም» መባላቸውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ጥፋቱ የጽሕፈት ቤቱ አልነበረም፤ የእኔ ነበረ። በኮምፒዩተር ክበባችን ውስጥ የሰርቨሩን የስም መዝገብ የምጠብቀው እኔ ስለ ሆንሁ፣ ነገሩ እንዴት እንደ ደረሰና እንዴት እንደ ታረመ በዚህ መጽሔት ላይ ላስረዳ ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

ኮምፒዩተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፤ ሰው ግን በቃሉ የሚይዘው ስም ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ሥርዐት ዲ.ኤን.ኤስ. ይባላል። ከእርሱ በፊት የስሞቹ ዝርዝር በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም በአንድ ፋይል ተጽፎ ይቀመጥ ስለ ነበረ፣ ሁሉም ከዚያ እየቀዳ ይወስድ ነበር። ስሞቹ ሲበዙ ይህ አሠራር አልቻለም። ስለዚህ ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1983 መዝገቡ በየባለቤቱ እጅ ተከፋፍሎ የሚኖርበትን ዘዴ አወጣ።

ነገር ግን አንድ ስም በተጠራ ቁጥር እስከ ባለቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ አድካሚ ነው። በመካከል አፈላላጊ ሰርቨሮች አሉ፤ እነርሱም አንድ ጊዜ ጠይቀው ያገኙትን መልስ ካሽ በሚባለው ማስታወሻቸው ይይዙታል። ይህን በሰፈራችን ባለ ሱቅ መስለን ልናየው እንችላለን። እንግዳ መጥቶ «የእገሌ ቤት ወዴት ነው?» ቢለው፣ ባለ ሱቁ የሚያውቀውን ይነግረዋል እንጂ በየጊዜው ሄዶ አያረጋግጥም። እገሌ ቤት የለቀቀ እንደ ሆነ ግን፣ ባለ ሱቁ ወሬውን እስኪሰማ ድረስ እንግዳውን ሁሉ ወደ አሮጌው ቤት ሲሰድ ይሰነብታል። አልዋሸም፤ ያወቀው ነገር አረጀበት እንጂ።

ለዚህ ነው እያንዳንዱ መዝገብ ዕድሜ የሚሰጠው። ስሙ ቲ.ቲ.ኤል. ሲሆን የሚቆጠረው በሰከንድ ነው። 300 ማለት 5 ደቂቃ፣ 3,600 ማለት 1 ሰዓት፣ 86,400 ማለት ሙሉ 1 ቀን ነው። አፈላላጊው መልሱን ከተቀበለበት ጊዜ ጀምሮ ቁጥሩን ወደ ታች ይቈጥራል፤ ባለቀ ጊዜ መልሱን ይጥልና በሚቀጥለው ጥያቄ እንደ ገና ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ዋናው ነገር ግን ዕድሜው ከመልሱ ጋር አብሮ መጓዙ ነው። አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ በኋላ ባለቤቱ መልሶ ሊያሳጥረው አይችልም።

እኔ የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። የመዝገባችን ዕድሜ 86,400 ነበረ። ቅዳሜ ጧት በ3 ሰዓት ስሙን ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ ሳዛውር፣ ወሬው ቶሎ ይድረስ ብዬ ዕድሜውን በዚያው ቅጽበት ወደ 300 ዝቅ አደረግሁት። ዲግ በተባለው መሣሪያ የራሳችንን ሰርቨር ብጠይቀው አዲሱን ቁጥር ነገረኝ፤ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ባለቤቱን መጠየቄ ነበር እንጂ ባለ ሱቁን አልጠየቅሁትም! በ2 ሰዓት ከ50 የጠየቀ አፈላላጊ አሮጌውን ቁጥር ከአንድ ቀን ዕድሜ ጋር ይዞ ነበርና፣ እስከ እሑድ 2 ሰዓት ከ50 ድረስ የእኔ 300 አይመለከተውም። አሮጌው ማሽን ደግሞ ስላልተዘጋ፣ የመጡበትን ወላጆች ሁሉ እየተቀበለ «ተመዝግበዋል» ይላቸው ነበር። ምዝገባው የሚያበቃው በዚያው ቅዳሜ በ11 ሰዓት ነበረ።

ሰኞ ጧት አንድ አባት የማረጋገጫ ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፈው መጡ። አዲሱን ማሽን ብናይ የልጃቸው ስም የለም። እርሳቸውም ሳይቈጡ «ልጅቱ እኮ ደብተር ገዝታ ተቀምጣለች» አሉኝ፤ ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር። አሮጌው ማሽን ከምሳ በኋላ ተደምስሶ ለሌላ ክፍል ሊሰጥ ተወስኖ ስለ ነበረ ሮጠን ከፈትነው። የልጅቱን ስም ከሌሎች 10 ስሞች ጋር አገኘነው።

በየካቲት ወር ሰርቨሩን እንደ ገና ማዛወር ሲያስፈልግ ግን በመምህራችን ምክር በቅደም ተከተል ሠራን። ዝውውሩ ቅዳሜ እንዲሆን ተቈርጦ ስለ ነበረ፣ ረቡዕ ዕለት አድራሻውን ሳንነካ ዕድሜውን ብቻ ወደ 300 አወረድነው። በዞን ፋይሉ ራስ ያለውንም ተራ ቁጥር ጨመርን፤ ይህ ቁጥር ካልጨመረ ረዳቱ ሰርቨር ለውጥ መኖሩን አያውቅምና አሮጌውን ማደሉን ይቀጥላል። ከዚያም አሮጌው ዕድሜ በየሰዉ ካሽ እንዲያልቅ ጠበቅን። ዐርብ ማታ ከውጭ ያለ አፈላላጊ በዲግ ስንጠይቅ 212፣ ጥቂት ቈይተን ስንጠይቅ 187 አለን። ቁጥሩ ሲወርድ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ባለቤቱን ከጠየቁት ግን ሁልጊዜ ሙሉውን 300 ነው የሚናገረው፤ ከካሽ የመጣና ከባለቤቱ የመጣ መልስ የሚለየው በዚህ ነው።

ጓደኞቼ «እንዲህ ከሆነ ለምን ሁልጊዜ 300 አይሆንም?» ይሉኛል። ዕድሜው 300 ከሆነ አንድ አፈላላጊ በቀን እስከ 288 ጊዜ ሊጠይቀን ይችላል፤ 86,400 ሲሆን ግን አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ደግሞም የስም ሰርቨሮቻችን መብራት ጠፍቶ ቢቆሙ፣ ዕድሜው አጭር የሆነ ስም ከየካሹ በ5 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ ዝውውሩ ሲረጋ ወደ 3,600 መለስነው።

ሌላም ያስገረመኝ ነገር አለ። አፈላላጊ «የለም» የሚለውንም መልስ ይይዛል። አዲስ ስም ሳልጽፍ አስቀድሜ ሰርቷል ወይ ብዬ ጠይቄ ነበርና፣ ከጻፍሁት በኋላ እንኳ ቀኑን ሙሉ «የለም» ሲለኝ ዋለ። የዚህ ዕድሜ የሚወሰነው ኤስ.ኦ.ኤ. በተባለው መዝገብ የመጨረሻ ቁጥር ሲሆን፣ የእኛ 86,400 ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ደንብ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይበቃል ስለሚል ይህንንም 3,600 አደረግነው።

ትንሽ ዕድሜ የማይቀበሉና ከተባሉት በላይ የሚይዙ አፈላላጊዎችም ስላሉ፣ በየካቲቱ ዝውውር አሮጌውን ማሽን አልዘጋነውም፤ የደረሰውን ሁሉ ለአዲሱ እንዲያስተላልፍ አዘዝነው። ቅዳሜ በ3 ሰዓት አዛወርን። አሮጌው የመጨረሻውን እንግዳ ያሳለፈው በ4 ሰዓት ከ20 ነበረ፤ እሑድ አንድም ሰው አልመጣበትም፤ ሰኞ አጠፋነው።