ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ፦ ስለ ሐይቅ ውኃና ስለ ብልሃርዝያ



አንዲት እህታችን በጥር ለዕረፍት ስትገባ ልጆቿን ባሕር ዳር ወስዳ ጣና ላይ ልታዋኛቸው እንዳሰበች ነግራኝ፣ «ችግር አለው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለነበርኩ ለሁላችን እንድናገር ተባለ። ብዙዎቻችን በጊዜ ቤት መግባት ስላለብን አላረዝምም።

መልሴ «አዎ፣ ችግር አለው» ነው። ጉማሬውን ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ማንም አይቶ ይሸሻል። እኔ የምለው በዓይን የማይታየውን፣ ብልሃርዝያ የሚባለውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ውኃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባና እዚያ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ ከቀንድ አውጣው ብዙ እጭ ይወጣል፤ በተለይ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ እኛ ደግሞ መታጠብ ደስ በሚለን ሰዓት። ያ እጭ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፤ መጠጣትም አያስፈልግም። «ውኃው ጥርት ያለ ነው፣ አልጠጣሁትም» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ አይሠራም። ቀንድ አውጣው የሚወደው ሣር ያለበትን፣ ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ነው፤ ልጆች የሚንቦጫረቁትም እዚያው ነው።

ጣና ዳር አለ፤ ዝዋይ አለ፤ ወሎ ሐይቅ ከተማ አካባቢም አለ። ላንጋኖ ግን ቡናማ ሆኖ ሳለ ከብልሃርዝያ ነፃ ነው እየተባለ ሰው ይዋኝበታል። መልክ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ከዋናተኛው ሌላ ደግሞ ልብስ አጣቢውና ውኃ ቀጂውም ይጎዳሉ፤ ማለትም እኛና እናቶቻችን። ግን ደግሞ ልብስ አጣቢ ሴቶች ለዓለም አንድ ነገር አሳይተዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ወንዝ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው ከዚያ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉበት።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ትሉ ሰውነት ውስጥ ብዙ ዓመት ይኖራል። ኮንትራታችሁን ሁለቴ አድሳችሁም እሱ እዚያው ሊሆን ይችላል። የሚጎዳው እንቁላሉ ነው፤ ሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ ሲቆይ ጉበት ይጎዳል። በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ቆላ የሚገኘው ሌላው ዓይነት ደግሞ ሽንትን ደም ያስመስላል፤ በሴት ብልት ላይ ቁስልና ደም ሊያመጣም ይችላል። ይህን አይተው የአባላዘር በሽታ ነው የሚሉ አሉ። ስንት ሴት በማታውቀው ነገር ስሟ ጠፍቷል! እንዲህ ያለ ምልክት ያላት እህት ብትኖር አፍራ አትደብቀው፤ ለሐኪሙ ያደገችበትን ወንዝ ትንገረው።

እዚህ ኡም ጉዋይሊና ጤና ጣቢያ አለ፤ ካርዳችሁ ሌላ ጋ ከሆነ ወደዚያው ሂዱ። ዐረቦቹም «ብልሃርሲያ» ነው የሚሉት፤ ግብፅም ሱዳንም ያለ በሽታ ስለሆነ ከዚያ የመጡ ሐኪሞች ቶሎ ይገባቸዋል። ምርመራው ሰገራና ሽንት ነው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በክብደት ተለክቶ የሚሰጥ እንክብል ነው። ማዳም ከሰማች ትደነግጥ ይሆናል፤ በምግብ፣ በልብስ፣ ልጅ በማቀፍ እንደማይተላለፍ ሐኪሙ ራሱ እንዲነግራት ለምኑት። ያለ ቀንድ አውጣው ከሰው ወደ ሰው አይሄድም።

ዕረፍት ላይ ሐይቅ ከገባችሁ ግን በማግሥቱ መድኃኒት አትዋጡ፤ እንክብሉ የሚገድለው ያደገውን ትል እንጂ ሕፃኑን አይደለም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ዶሃ ከተመለስን በኋላ፣ ተመርመሩ። በፎጣ ቶሎ መድረቅ ጥቂት ሊረዳ ይችላል፤ እሱን ብቻ አትመኑ።

የዶሃ ባሕር ጨው ስለሆነ ብልሃርዝያ የለበትም፤ ክሎሪን ያለበት የመዋኛ ገንዳም እንዲሁ። መዋኘት የማትችሉ ግን የቤቱን ልጆች ተከትላችሁ ከወገባችሁ በላይ አትግቡ። ቢሾፍቱም እንደዚያው ነው፤ እነዚያ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆኑ ከዳር ትንሽ ራቅ ሲባል በድንገት ይጠልቃሉ።

ልጆቹን ጣና ማሳየት ለምትፈልገው እህት፦ ጀልባው ይበቃል። እናቶቻችሁ ከሐይቅ ቀድተው ገላ የሚታጠቡ ከሆነ ደግሞ በስልክ ንገሯቸው፤ ውኃው ተከድኖ ሁለት ቀን ከተቀመጠ እጩ ይሞታል። ለመጠጥ ግን ይፈላ።